አሥራ ሰባተኛው ካሴት

«ይሄኛውስ?» አለ የስቱዲዮው የድምፅ ባለሙያ፣ ከካርቶኑ አንድ ካሴት አውጥቶ ወደ መብራቱ እያስጠጋ። «‹14፤ ቧንቧ የፈነዳበት› ይላል። የዘፈን ርዕስ ነው እንዴ እትዬ?»

«ርዕስ አይደለም፤ ቧንቧ ነው» አለች እማማ ካርድ። «የኩሽናው ቧንቧ ፈንድቶ እኔ ውኃውን በመወልወያ ስገፋ፣ እሱ እግሩ እንዳይረጥብ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ጊታሩን ይነካካ ነበር። ‹ብትመጪ ባትመጪ› የሚለው ነው፤ ገና ግጥሙ ሳያልቅ።»

ባለሙያው ካሴቱን ማጫወቻው ውስጥ ከተተና ቁልፉን ተጫነ። መጀመሪያ የሚንፎለፎል ውኃ ተሰማ። ቀጥሎ ባልዲ ተንኳኳ፤ ቀጥሎ ጊታር፤ ከዚያ ያ አገር ምድሩ የሚያውቀው ሻካራ ድምፅ «ብትመጪ ባትመጪ» ብሎ ጀመረ። ባለሙያው በመገረም ራሱን ነቀነቀና ኮምፒውተሩ ላይ መዘገበ።

የሚገርም ነገር አልነበረውም። ሴትየዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል ካርድ ክፍል የሠራች ናት። በሽተኛ ገና በር ላይ ሲደርስ የካርዱን ቁጥር ከፊቱ ታነብለት ስለነበር፣ ከዶክተር እስከ ዘበኛ ‹እማማ ካርድ› እያለ ይጠራት ነበር፤ ጡረታ ከወጣችም በኋላ ስሙ አልለቀቃትም። ቁጥር ያልተሰጠው ነገር ሲያድር እንቅልፍ አይወስዳትም። ያኔ ሚስቱ በነበረችበት ዘመን፣ ዘፋኙ ዘፈኖቹን ቤት ውስጥ በአሮጌ ቴፕ ይቀዳ ነበር። እሱ ይዘፍናል፣ ቁልፉን እሷ ትጫናለች። ርዕስ ማውጣት የሚባል ነገር ግን አያውቅም፤ ሁሉም ዘፈን ለእሱ ‹ይሄኛው› ነው። ስለዚህ እሷ በእያንዳንዱ ካሴት ላይ በዚያ በተቆጠበ የእጅ ጽሑፏ ቁጥሩን ትጽፍና ቀኑን በምታስታውስበት ነገር ታስረዋለች። ‹6፤ ጎረቤት መጥረጊያ ልትዋስ የመጣችበት›። ‹11፤ የሚጢጢ ጥርስ የወለቀበት›። የገዛ ቤቷ ጽሑፍ ነው፤ ሌላ ሰው ያነበዋል ብላ አልጻፈችውም።

አሁን ዘፋኙ ከሞተ አሥራ አንድ ወሩ ነው። ለአንደኛ ዓመት መታሰቢያው ‹ከቤቱ የተገኙ› የሚል አልበም ሊወጣ ነው፤ ካርቶኑም ያለው ሁለተኛ ሚስቱ ዘንድ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አብራው የኖረች፣ በሕግም በወረቀትም ወራሹ እሷ ነች። ካርቶኑን ከፍታ ስታይ ግን ቧንቧ፣ ጥርስና መጥረጊያ ብቻ ሆነባት። እንግዲህ ምን ታድርግ? ስልክ ደውላ የመጀመሪያዋን ሚስት ለመነች።

በካሴቱ ላይ ዘፋኙ ሁለተኛውን ስንኝ ሲደርስ፣ ከውኃው ድምፅ መሃል አንዲት ወጣት ሴት፣ «እዚህ ላይ ትንፋሽ አጥሮሃል፤ ድገመው» አለች።

«እሺ እመቤቴ» አለ ዘፋኙ እየሳቀ፤ ደገመው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ይሻል ነበር።

እማማ ካርድ የገዛ ድምፅዋን ከሃያ ስድስት ዓመት ርቀት ስትሰማ ጉንጯ ጋለ። አጠገቧ የተቀመጠው የባለቤቱ፣ የሁለተኛዋ ሚስት፣ ወንድም ግን ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። ጠበቃ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አፉን በከፈተ ቁጥር የሚጀምረው «ከሕግ አንጻር» በሚል ስለሆነ፣ እማማ ካርድ በሆዷ ይህንኑ ስም አውጥታለት ጨርሳለች።

«ይሄ የሴትዮዋ ድምፅ ይጠፋል አይደል?» አለ ከሕግ አንጻር።

«ድራሹ ይጠፋል» አለ ባለሙያው። «ባልዲውም፣ ውኃውም ይጠፋል። ባዶ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የዘፈነ አስመስዬ ነው የማወጣው።»

«ባልዲውን እንኳ ብትተውለት» አለች እማማ ካርድ። «ምት የሚይዘው በእሱ ነበር፤ ባልዲው ባይኖር ይወላከፍ ነበር።»

ባለሙያው ከት ብሎ ሳቀ። ሃምሳ ዓመት የዘለለው፣ ስኳር ያለበት፣ ሆዱ ከወንበሩ ክንድ ጋር የሚታገል ሰው ነው፤ በከተማው ውስጥ የሞተ ካሴት የሚያስነሳ እሱ ብቻ ነው ይባላል። ‹ሴትዮዋ› መባሏን ሰምታ እንዳልሰማች ያለፈችውም በእሱ ምክንያት ነበር። እማማ ካርድ ወደዚህ የመጣችው ለባለቤቱ ልመና አንጀቷ ራርቶ አልነበረም። የመጣችው ለእሱ ማሽን ነው።

ሥራው እስከ ረፋድ ድረስ ተሳለጠ። እሷ መለያውን እያነበበች ዘፈኑን ትናገራለች፣ ባለሙያው ይሰማል፣ ከሕግ አንጻር በዝርዝር ወረቀቱ ላይ ይሞላል፤ ባለቤቱ ጥቁር የሐዘን ልብሷን ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። አንዳንዴ እሷ የማታውቀው ሳቅ ከካሴቱ ሲወጣ ዓይኗን ወደ መሬት ትሰድዳለች። ካርቶኑ ባዶ ሲሆን ከሕግ አንጻር ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በብዕሩ ጫፍ ወረደበት፤ እንደገናም ወረደበት።

«ቁጥሩ እስከ ሠላሳ ሁለት ይሄዳል። ያሉት ሠላሳ አንድ ናቸው። አሥራ ሰባት የለም።»

ባለሙያው ባዶውን ካርቶን አንስቶ ገለበጠው።

«አንድ ቁጥር ዘለው ይሆናል» አለ ባለሙያው።

እማማ ካርድ ስድቡን መቋቋም አልቻለችም። «እኔ ቁጥር ዘልዬ አላውቅም» አለች። «አሥራ ሰባት አለ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«ምን አለበት?» አለች ባለቤቱ፣ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ።

«‹ጫማሽ›።»

ባለሙያው የጆሮ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወለቀ። ‹ጫማሽ›ን የማያውቅ የለም። ልጁን የቀበረ አባት የዘፈነው ነው፤ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ሾፌሩ እንኳ ጥሩንባውን ይተዋል። ዘፋኙ በየሬዲዮው፣ «የመጀመሪያውን ቤቴ ተቀምጬ እያለቀስኩ ቀዳሁት፤ ያንን የመሰለ ድጋሚ አልዘፈንኩትም» እያለ ሲናገር ኖሯል። ያንን ካሴት ግን ያየ ሰው የለም።

«ከሕግ አንጻር…» ብሎ ጀመረ ወንድምየው።

«ልሰጣችሁ ነው ያመጣሁት» አለችው። «መጀመሪያ ይሄ ሰውዬ ምሳውን ይብላ፤ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።»

እውነትም ባለሙያው ላብ አጥምቆት ነበር። አመስግኗት እየተነሳ ማሽኑን እንደ ልጅ መታ መታ አደረገው። «አይስጉ እትዬ» አላት። «እዚህ ውስጥ አንዴ የገባ ድምፅ ከእንግዲህ አይጠፋም። ካሴቱ ቢበሰብስ፣ ቤቱ ቢቃጠል፣ ድምፁ አለ።»

ከስድስት ዓመት በፊት ይህን የሚላት ሰው ብታገኝ እግሩ ሥር ትወድቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሰባተኛው ካሴት ላይ የዘፈነው ዘፋኙ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የልጃቸው የሚጢጢ ነበር። ሚጢጢ በሰባት ዓመቷ ልቧ እየደከመ አልጋ ላይ ስትውል፣ አባቷ ከባንዱ ጋር በየከተማው እየዞረ ይሠራ ነበር። እናትየው ባዶ ካሴት ገዝታ ሰጠቻትና ልጅቷ ለሦስት ቀን ለአባቷ አወራችለት። ስለ ጎረቤት ድመት ከሰሰች፤ ዶክተሩ እጁ ቀዝቃዛ መሆኑን ተናገረች፤ «አባዬ፣ ጫማዬ ጠቦኛል፤ ደጅ ላይ አስቀምጥልሃለሁ፣ ስትመጣ ለካውና ትልቁን ግዛልኝ» አለች። በመጨረሻ፣ በየቁጥሩ መሃል እየተነፈሰች፣ እስከ ሃያ ቆጥራ አሳየችው። ካሴቱ ሲሞላ እናትየው መለያው ላይ ‹17፤ የልጄ ድምፅ፤ አይነካ› ብላ ጻፈች፤ በጀርባው ያሉትን ሁለቱን ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶችም በቢላ ሰበረቻቸው። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ላይ መቅጃው አይጫንም፤ ማንም ተሳስቶ እንኳ ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይችልም። አባትየው ከጉዞ ሲመለስ ልጅቷ ከሞተች አራት ቀን ሆኗት ነበር።

ወር ሳይሞላ አንድ ከሰዓት እማማ ካርድ ከሥራ ስትገባ ባሏን መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ አገኘችው። «ስሚኝ፤ ሠራሁት» አላት። አጠገቡ ተቀመጠች። ‹ጫማሽ ደጅ ላይ አለ፣ እግርሽ የት ሄደብኝ› የሚለውን ስትሰማ ትከሻው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ወድዳው አታውቅም። ዘፈኑ አለቀ፣ ዘፋኙ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው ሚጢጢ «አሥራ አራት» አለች።

ካሴቱን ከቴፑ ነጥቃ አየችው። በሰበረቻቸው ጥርሶች ቀዳዳ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል፤ የልጅቷን መርፌ ለማሰር ከሆስፒታል ያመጣችው ያው ፕላስተር ነው። ቀዳዳው ሲደፈን ካሴቱ እንደገና ይቀዳል። መለያው ከፕላስተሩ ሁለት ጣት እንኳ አይርቅም፤ ‹አይነካ› የሚለውን ሳያይ ሊለጥፈው አይችልም።

«ሌላ ካሴት አልነበረም» አላት። «እሷን እየሰማሁ ነው ዜማው የመጣልኝ። ሊያመልጠኝ ነበር።»

«ሱቁ እኮ ከመንገዱ ማዶ ነው» አለችው።

ሌላ አልተናገረችም፤ ከእሱ ጋር መነጋገር ያቆመችው በዚያ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቀዳቸው ካሴቶች ላይ ግን በዝምታ ቁጥር እየጻፈች እስከ ሠላሳ ሁለት አደረሰቻቸው። ከግማሽ ሰዓት የልጅ ወሬ አርባ ሰከንድ ብቻ ተርፏል። ዓመት ቆይታ ስትፈታው ካርቶኑን በታክሲ ጭኖ ሲሄድ ዝም አለችው፤ አሥራ ሰባትን ግን አስቀረች። አገር ሁሉ በዘፈኑ ሲያለቅስ እሷ ከሱቅም ከታክሲም እየወጣች ኖረች። ለሰው አልተናገረችም። ማን ያምናታል? የልጁን ድምፅ ደምስሶ ነው የልጁን ለቅሶ ያለቀሰው ብትል፣ ቀናተኛ ፈት ሴት ከመባል አታልፍም። በዓመት አንድ ቀን በራሷ ቴፕ ያችን አርባ ሰከንድ ትሰማ ነበር። ከስድስት ዓመት ወዲህ ግን ቴፑ ክር መብላት ስለጀመረ ፈርታ ተወችው፤ የጠየቀቻቸው ሱቆች ደግሞ ካሴት የሚባል ነገር ድሮ ቀርቷል ብለው ሳቁባት። ክሩ በመሳቢያ ውስጥ በዝምታ እየሞተ መሆኑን ታውቃለች። ሐሳቧም ግልጽ ነበር፤ ዘፈኑን ትሰጣቸዋለች፣ በምትኩ ይሄ ባለ ስኳር ሰውዬ ሚጢጢን ያተርፍላታል።

ኮሪደሩ ላይ ከሻይ ማሽኑ አጠገብ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ባለቤቱ የወረቀት ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ ሻዩን ሳትጠጣ አቀዘቀዘችው።

«እርስዎ የሚሳቅበትን ጊዜ ነው ያገኙት» አለች በመጨረሻ። «እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሳገላብጠው ነው የኖርኩት። ጀርባው እንዳይቆስል። ሰው ግን ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ስለ ዘፈኑ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ከባድ ነው» አለች እማማ ካርድ። ከልቧ ነበር፤ የተኛ ሰው ማገላበጥ ምን እንደሆነ ሆስፒታል የሠራ ሰው ያውቃል።

«መጨረሻ ላይ አእምሮው ተነካ መሰለኝ። ‹በላይዋ ዘፈንኩባት› ይለኝ ነበር። በማን ላይ? ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስለ እርስዎ ይሆን?»

የእማማ ካርድ እጅ ቦርሳዋ ላይ ጠበቀ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ይቅርታ ሳይላት የሞተ ሰው፣ ይቅርታውን ለማይመለከታት ሴት ተናግሮት ኖሯል! ተናደደች፤ ንዴቷም ሳያልቅ አንጀቷን በላው፤ ይህኛው ደግሞ ከንዴቱ የባሰ አናደዳት።

«ስለ እኔ አይደለም» አለች።

ከሕግ አንጻር ስልኩን እያጠፋ በፈገግታ ወደ እነሱ መጣ። «የምሥራች!» አለ። «የልጆች ጫማ ፋብሪካው ተስማማ። ‹ጫማሽ›ን ለማስታወቂያ ይወስዱታል፤ በቴሌቪዥን፣ በየአደባባዩ፣ በሁሉም ቦታ። ያ የቤት ቅጂ ከተገኘማ እሱኑ ነው የሚፈልጉት።»

እማማ ካርድ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ለጫማ?»

«ለልጆች ጫማ። አይገርምም? ዘፈኑ ለእነሱ የተሠራ ነው የሚመስለው። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረን፤ መጨረሻው ላይ የትንሽ ልጅ ድምፅ እንዲገባበት ይፈልጋሉ። እውነተኛ፣ ያልተጠና። ስንት ሕፃን ሞከርን፤ ሁሉም እንደ በቀቀን ያነበንባል።»

«ቤተ ዘመድ ሳይጠየቅ?» አለች ባለቤቱ በለሆሳስ።

«ቤተ ዘመዱ አንቺ ነሽ። ከሕግ አንጻር እሱ የቀዳው ድምፅ ሁሉ፣ በማንኛውም ካሴት ላይ ያለ ማንኛውም ነገር የወራሹ ነው። ሳል ቢሆን፣ ሳቅ ቢሆን።» ወደ እማማ ካርድ ዞረ። «እትዬም ቅር እንዳይልዎት፤ ስምዎን ምስጋና ላይ እናሰፍራለን።»

«ግድ የለም» አለች እማማ ካርድ። ድምፅዋ ለራሷም ሩቅ ሆኖ ተሰማት። ጫማ አሻሻጭ። ሚጢጢ እስከ ሃያ ቆጥራ ጫማ ልትሸጥ ነው። ተነስታ ወደ ሽንት ቤት ሄደች፤ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበች፤ በመስተዋቱ ራሷን አየች። ካሴቱን ይዛ መጥፋት ትችል ነበር፤ ግን አንዴ አለኝ ብላለች፣ ነገ በፍርድ ቤት ወረቀት ያስመጧታል። ቢያስመጧት ደግሞ ካሴቱን እስከ መጨረሻው ያጫውቱታል። ሚጢጢን የሚያድን አንድ መንገድ ብቻ ታያት። እሱም ለራሷ ይዛ የመጣችውን ነገር ሁሉ የሚያስጥላት ነበር።

ወደ ክፍሉ ተመልሰው ሲቀመጡ ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ፎጣ አወጣች፤ ከፎጣው ውስጥ ካሴቱን። መለያውን በአውራ ጣቷ ሸፍና ለማንም ሳታቀብል ራሷ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው።

«ቁልፉን የምጫነው እኔ ነኝ» አለች። «ያኔም እኔ ነበርኩ የምጫነው።»

«ደስ እንዳለዎት እትዬ» አለ ባለሙያው። «እኔ በዚህ በኩል እቀዳለሁ።»

በዚህ ካሴት ላይ ቁልፉን የተጫነው ራሱ ዘፋኙ እንደነበር አልነገረችውም።

ተጫነችው። ጊታር ሲቃኝ ተሰማ፤ ከዚያ ማጉረምረም፤ ከዚያ ዘፈኑ። አንዴ ተሳስቶ አቋረጠ፤ እንደገና ጀመረ፤ ሁለተኛውንም ግማሽ ላይ በለቅሶ ተወው። ባለቤቱ መሐረብ አወጣች። ባለሙያው ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ነከሰ። ሦስተኛው ሙሉ ነበር። መልካም ዘፈን ነበር፤ እማማ ካርድ ይህን ለመካድ ስንት ዓመት ታግላለች፣ አልቻለችም። ከእያንዳንዱ ስንኝ ሥር ግን እሷ ብቻ የምታውቀው ሌላ ድምፅ ነበር፤ እዚህ ላይ ድመቷ፣ እዚህ ላይ የዶክተሩ ቀዝቃዛ እጅ፣ እዚህ ላይ ጠባቡ ጫማ።

የመጨረሻው የጊታር ክር ተነዘረ። ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረገች። አሁን ይተነፍሳል። ከትንፋሹ በኋላ ቀጭ ይላል፤ ከቀጭታው በኋላ ልጇ ትመጣለች፤ ስድስት ዓመት ያልሰማችው ድምፅ፤ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ የማይጠፋ ድምፅ። ትንሽ ብትዘገይ ትሰማዋለች። አንዴ ብቻ ‹አሥራ አራት› ሲል መስማት!

ዘፋኙ በረጅሙ ተነፈሰ።

ቁልፉን ተጫነችው፤ ካሴቱ ቆመ።

ባለሙያው ዓይኑን ጠርጎ በማሽኑ መስኮት አጎንብሶ አየ። «ክር ይቀረዋል እኮ» አለ። «አንድ ደቂቃ እንኳ ቢሆን።»

«ባዶ ነው» አለች።

«ለማንኛውም ይሂድ» አለ ከሕግ አንጻር። «ምናልባት ተናግሮበት ይሆናል። ከሕግ አንጻርም ካሴቱ ራሱ እዚሁ መቅረት አለበት።»

እማማ ካርድ ካሴቱን ከማሽኑ አውጥታ ያዘች። ከሕግ አንጻር እጁን ዘረጋ። ከእሱ በፊት ግን ባለቤቱ ከጥጉ ተነስታ መጣችና፣ «እስቲ ልየው» አለች። በእርጋታ ነበር የጠየቀችው። እማማ ካርድ ትንሽ አመነታችና ሰጠቻት።

ባለቤቱ መለያውን አነበበችው። ካሴቱን ገለበጠችው፤ የጠየመውን ፕላስተር በጣቷ ዳሰሰችው። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፤ ሰውየው ለሁለት ዓመት ሲላት የነበረውን እየደገመች ይመስል ነበር። ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል።

«ባዶ ነው ተብሏል» አለች።

«እህቴ፣ ከሕግ አንጻር…»

«ከሕግ አንጻር የእኔ ነው አይደል? ከጠዋት ጀምሮ ስትነግረኝ አልነበር?» ብላ ጮኸችበት። ድንገት የወጣው ጩኸቷ እሷንም አስደነገጣት፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንግዲያውስ ወራሹ እኔ ነኝ፤ ይውሰዱት ብያለሁ። ዘፈኑን አግኝተሃል፣ በቃ።»

ወንድምየው ትከሻውን ነቅንቆ የዝርዝር ወረቀቱን ወደ እማማ ካርድ ገፋላት። «ቢያንስ ይሄን ሞልተው ይፈርሙልኝ። በእርስዎ እጅ ቢሆን ይሻላል።»

ወረቀቱን ሁሉንም ገጽ አነበበችው፤ ሳታነብ ፈርማ አታውቅም። አሥራ ሰባት ላይ ደረሰች። ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ በካርድ ላይ አንዲት የሐሰት ቃል ጽፋ አታውቅም፤ አለቃ ለምኗት፣ ባለሥልጣን አስፈራርቷት አልጻፈችም። ብዕሩን ያዘችና በዚያ በተቆጠበ ጽሑፏ፣ ‹ጫማሽ፤ ሦስት ጊዜ የተዘፈነ። ቀሪው ባዶ› ብላ ጻፈች። ፈረመች።

ባለቤቱ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘቻት። ካሴቱን ስትመልስላት ግን እጇን ቶሎ አልለቀቀችም።

«ለማንም እንዳያሰሙት» አለች። «ላንቺ ብዬ አይደለም የተውኩት፤ ልዋሽዎት አልፈልግም። እኔ ልጅ የለኝም፣ ሌላ ነገርም የለኝም። የምኖረው በስሙ ነው። ሰዉ ይሄን ካወቀ…» አልጨረሰችውም። ከ‹እርስዎ› ወደ ‹አንቺ›፣ ከ‹አንቺ› ወደ ‹እርስዎ› መዋዠቋንም አላስተዋለችም።

«ስሙን ያዢው» አለች እማማ ካርድ። «ዘፈኑንም ያዢው። እኔ የእሱ የሆነ ምንም ነገር አልወሰድኩም።»

ከፎቁ ወርዳ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀመጠች። ፀሐዩ ከረር ብሎ ነበር። ካሴቱን ከፎጣው አውጥታ ገለበጠችው። ፕላስተሩ ከዕድሜ ብዛት ደርቆ አጥንት ሆኗል። ሃያ አራት ዓመት ነካክታው አታውቅም፤ ለምን እንደተወችው የገባት ዛሬ ነው። የእሱ ጥፋት ምስክር አድርጋ አስቀምጣዋለች። አሁን ማንን ልታስመሰክርበት? በጥፍሯ ጫፍ ጫፉን ጀመረችው፤ አልላጥ አላት፣ ትንሽ በትንሽ እየተፈረፈረ ቀሚሷ ላይ ወደቀ። በመጨረሻ ሁለቱ ቀዳዳዎች ያኔ በቢላ እንዳበጀቻቸው ተከፍተው ታዩ። ከእንግዲህ በሚጢጢ ላይ የሚቀዳ የለም። የሚያሰማትም ማሽን የለም፤ እሱን ጥላ ነው የወጣችው። ክሩም እዚያው ፎጣው ውስጥ በዝምታ እየሞተ ይኖራል።

እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። ፍርፋሪውን ከቀሚሷ ላይ አራግፋ ካሴቱን ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። ከመንገዱ ማዶ አንድ አውቶቡስ ሙዚቃ ከፍቶ አለፈ፤ ምን ዘፈን እንደነበር አላዳመጠችም። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ «አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት» እያለች፣ ልጅቷ በምትቆጥርበት ፍጥነት፣ አሥራ ስምንት ላይ ልጅቷ በምትቆምበት ቦታ ቆም ብላ፤ «አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ።»

ሚጢጢ በዚያ ካሴት ላይ ሃያን ከቆጠረች በኋላ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በቃ ጨርሻለሁ፤ ዝጊው እማዬ።»

እማማ ካርድ ቦርሳዋን ዘጋችው።